ዋንጫ

ሚስማሩ ዛሬም አለ ከሻይ ቤታችን በር፣
በሂርማታ ሐሙስ ጣሳ ይሰቀልበት የነበር።
የዱቄት ወተት ጣሳ፣ አፉ የተጨማደደ፣
ከብርጭቆ ጋር መታጠብ አንድ ቀን ያልለመደ፤
ሸክላ ሠሪ በዴዶ መንገድ ጠምቶት ብቅ ሲል
ለእሱ ብቻ የሚወርድ።
አውራጁ እኔ ነበርኩ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ።
"ከፍ አርገህ ቅዳ" ይለኛል አባቴ፣ "እንዳይነካህ እጅ።"
ከፍ አርጌ ቀዳሁ።

ውሃው ግን ከየት ነው? ከጓዳችን እንስራ፤
የሸጊቱ መዳፍ ነው ያንን ሆድ የሠራ።
ጭቃውን ከቦዬ ዳር አምጥታ፣ ረግጣ፣ አሽታ፣
ከሥሩ እስከ አንገቱ በጣቷ ዳብሳ፣ አቅንታ።
ጣቷን ጠጥተን ረክተን፣
ለከንፈሯ ጣሳ አበጅተን፣
እኛ ንጹሕ ነን አልን።

ልጇ ዲንቂቱ፣ እኩያዬ፣ ሁለት ገንቦ አዝላ፣
ጣሳውን ትቀበለኝና፣ ዓይኔን አይታ፣ ቀስ ብላ
ትደፋዋለች፣ ከደጃችን አቧራ ላይ።
ከዚያ ሩጫ ነው፣ እስከ አዌቱ ድልድይ፣
ከወንዙ ልትጠጣ።
አሰልጣኞቿ ዛሬ "ይህ ፍጥነት ከየት መጣ?"
ሲባባሉ እሰማለሁ።
እኔ አውቃለሁ።

ዓመታት ሄዱ። ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ገዛ።
ያን ማታ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ እንደ ጉድ ሲንጫጫ፣
ወንበር ጠፍቶ፣ ሳጥኑም ደረጃውም ሆኖ መቀመጫ፣
ባሕር ማዶ፣ አሥር ሺህ ሜትር፤ ቀደመች! ሻይ ቤቱ ተናጋ።
ባንዲራ ይዛ አልዞረችም። ሄደች፣ ሦስተኛ የወጣችው ጋ፣
በየዙሩ ተመልካች እንደ ዝንጀሮ የጮኸባት፣
የሌላ አገር ጥቁር ልጅ፣ ስሟን እንኳ የማናውቃት።
አጠገቧ ተንበረከከች፣ አንድ ጉልበቷ መሬት ላይ፣
ፊቷን ወደሚያፏጨው ወገን፤ ዓለም ሁሉ እስኪያይ።

አለቀስን። እኔም አለቀስኩ።
"የኛ ልጅ! የጅማ ልጅ!" አለ አባቴ ምርኩዙን አንስቶ፤
ሚስማሩ ከራሱ በላይ፣ ጣሳውን አጥቶ።

እሑድ፣ ጅማ ስታዲየም። ከጅሬን እስከ አጂፕ የቀረ የለም፤
ባጃጁ ሁሉ ጥሩምባ፣ አጥሩ ሁሉ ሰው፣ ዛፉ ሁሉ ቀለም።
ሹሙ ሦስት ገጽ አነበበ፦ "ዘረኝነትን፣
ተንበርክካ ያንበረከከች ጀግና!"
ጭብጨባው ሳይበርድ ገና
ማይኩን ተቀበለች።
"ውሃ ጠማኝ" አለች።

የታሸገ ውሃ ሮጠው አመጡ፤ በእጇ መለሰችው።
ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነበር ሸጊቱ፤ ጠራቻት። በያዘችው
ገንቦ ዋንጫው ተሞላ፣
ያ ባለ ሁለት ጆሮው፣ ወርቅ ቅቡ። ጠጣች። እናት ተከተለች።
ከዚያ ክንዷን ዘርግታ፣ "በሉ፣ የኛ ልጅ ካላችሁኝ፣ ከእኛ ቀጥላችሁ" አለች።

አንድ ባጃጅ ጮሆ ተቀጨ።
ሹሙ ሰዓቱን አየ። ሌላው ኮቱን አራገፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣
አንዱ፣ "ሐኪም የገንቦ ውሃ..." ብሎ ሳይጨርስ አፈገፈገ።
አባቴ ከጎኔ ነው፤ ምርኩዙን እያየ፣ ምርኩዙ መሬት እያየ።

ዋንጫ ለካ መጠጫ ነው።
መደርደሪያ ላይ ስናየው፣ ስንስመው፣ ስናቅፈው፣
ረስተነው ነው።

ክንዷ አልታጠፈም። ውሃው ከጠርዙ ይንቀጠቀጣል።
ይኸው፣ ዓይኗ ሲዞር ሲዞር እኔ ላይ መጣ፤
ያኔ ጣሳውን ይዛ እንዳየችኝ፣ ሳትቆጣ።
ከእኔ እስከ እሷ ስድስት ደረጃ ነው።
ከፍ አርጌ ቀድቼ ነበር፣
ከፍ ብዬም ተቀምጫለሁ።
ስፖርተኛ አይደለሁም፤ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ሰው ያየኛል።

አንዱን ወረድኩ።