የዘይት መስኮት

ከሐርቡ ተነስተን፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፣
አራት ሆነን ወጣን በሐረጎ ጎዳና።
ጦይባ ደብተር ይዛ፣ ይመር የጋራ ብር፣
የሻረግ ጃንጥላ፣ አንድ ጎኑ ስብር፣
እኔ በስስ ሸሚዝ። የቆላ ልጅ ምን ያውቃል?
ደሴ እኮ ጉሙ ራሱ ቤት ገብቶ ይጠይቃል።

ፒያሳ ወረድን፤ ጦሳን ብናይ የለም።
«ይህን የሚያህል ጋራ ማን ይሰርቃል በዓለም?»
አለ ይመር። ጎመን ሻጯ ቀና ብላ
«ይመጣል» አለችን፣ «ምሳውን ከበላ።»

ሙዚየም ያለችው ጦይባ ነበረች፣
ወሩን ሙሉ ስለሱ ስታወራ ከረመች።
ገባን። ጣሪያው ረጅም፣ ወለሉ በረዶ፤
አንዱ ሳጥን ሙሉ፣ አንዱ ሳጥን ባዶ።
ከባዶው መስታወት ሥር፣ በታይፕ የተጻፈ፣
«ጋሻ፣ ባለ ብር ጉብ» የሚል ወረቀት ነው የተረፈ።
«የት ሄደ?» አልናቸው። ጋሽ አበጋዝ ዝም አሉ።
ቁልፉን አስቀመጡና እጃቸውን ሰቀሉ፤
«እዚህ ላይ ያብጣል፣ እዚህ ጋ ይጎብጣል፣
ስንጥቁ ከጠርዙ ወደ መሐል ይወጣል»
እያሉ አየሩን በመዳፍ ዳበሱት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቧራውን ያበሱት።
ጦይባ በእርሳሷ እጃቸውን ተከትላ
ጋሻውን ሣለችው፣ ከነስንጥቅ ከነጥላ።
«እጀታው ትንሽ ዝቅ» አሏት። ዝቅ አደረገች።
«አሁን እሱ ነው» አሉ። የሻረግ አለቀሰች፣
ከዚያም ወዲያው ሳቀች፤ እሷ እንዲህ ናት፣
ሳቅና እንባ ባንድ ጣሳ የቀዱላት።

አይጠየፍ አዳራሽ በር ላይ ዝናብ ያዘን፤
ተጋፍተን ቆምን፣ በስባራ ጃንጥላ አራት ራስ ይዘን።
«አይጠየፍ ማለት» አለች ጦይባ ስታስረዳ፣
«ጌታ ሎሌ ሳይባል፣ ሲበላ እንግዳ።»
ይህን ስትናገር የይመር ሆድ ጮኸ፣
ዝናቡም እንደሰማ፣ አባርቶ ነጎደ።

ምሳ ላይ ተጣላን። የሐይቅ ዓሣ ጥብስ
አምሮን ነበር፤ ይመር ግን ኪስ ኪሱን ሲዳብስ፣
«ለመመለሻ አይተርፍም!» በሽሮ ተስማማን፤
«ዓሣ ምን ሊረባ» እያልን ዓሣውን አማን።
ደግሞም አልተጠየፍን። ድስቱን ጠረግነው፣
አስተናጋጁ መጥቶ «ታጥቧል እንዴ?» ያለው።

ሙጋድ ስንደርስ ፀሐይ። አንድ ሰዓሊ በመሰላል
ለፀጉር ቤት ግድግዳ ጎረምሳ ይሥላል።
ጆሮው አልተሠራም። «ጆሮ ይከብዳል» አለን፣
«ዓይን ማንም ይሥላል፤ ጆሮ ነው ያስቸገረን።»
ይመርን አየና «ቁም!» አለው ባንድ አፍታ፤
ያ ጆሮ በቀለም፣ በመሰላል ከፍታ፣
እስከ ዛሬ አለ። ይመር እንዲህ ይምላል፦
ደሴ ላይ ሰው ሲታማ፣ ሐርቡ ላይ ይሰማል።

ማታ ቀና ስንል፣ በጣሪያዎች መሐል፣
ጦሳ መጥቶ ቆሟል።
መቼም ምሳ በልቷል።

መናኸሪያ በር ላይ ትኩስ ሳንቡሳ ሸጠች
አንዲት ልጅ፤ መጠቅለያ ወረቀት ግን አጣች።
ጦይባ ዝም ብላ ከደብተሯ ገነጠለች፤
ጨለማ ነው፣ ገጹን መች አየች?

ሚኒባሱ ሞላ። ምላሳችን እየነደደ
በላን፤ መኪናውም ወደ ቁልቁሉ ነጎደ።
ይመር ወረቀቱን በመስኮት ሊጥል ሲል
«ጋሻው! ጋሻው!» አለች፣ የሻረግ ክው ስትል።
ዘይት ጠጥቷል ገጹ፤ እርሳሱ ግን አለ።
ጦይባ ተቀበለችው። ማንም ምንም አላለ።
ከመስኮቱ መስታወት ለጠፈችው በመዳፏ፤
ከኋላው ደሴ ናት፣ መብራቷ እስካፋፏ።
ወረቀቱ ቅባት በጠጣበት ሁሉ
በጋሻው ሆድ ውስጥ አምፖሎች ይበራሉ።

መንገዱ ሲታጠፍ ጠፉ በየተራ፤
በስንጥቁ ጎን አንዲት ቀረች ስትበራ።
የማን ቤት መብራት እንደሆነች አናውቅም።
ይመር «ፀጉር ቤቱ ናት» አለ። አልተከራከርነውም።