የሚታረቅ እንጨት

ኩልዲጋ ከተማ፣ ቬንታ ሰፍቶ ሲያልፍባት፣
ከቀይ ጡብ ድልድዩ ወዲህ ባለች ቤት፣
ሁለት ወንድማማች ጀልባ ይሠራሉ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተኳርፈው አሉ።
ታላቁ ኢማንትስ፣ ታናሹ ታሊስ ነው።
የጠባቸው መነሻ የእናት የፖም እርሻ፤
አንደኛው ሸጠው፣ ሌላኛው ሳይሻ።

«ንገረው» ይለኛል ታላቁ፣ «መጋዙ ደንዝዟል»፤
«ንገረው» ይለኛል ታናሹ፣ «እሱስ መቼ ስሏል?»
እኔ በመሀላቸው እሳት ጠባቂ ነኝ፤
ውኃ ጨምር ሲሉኝ፣ እንጨት ጨምር ሲሉኝ።

ረጅም ሣጥን አለ፣ ሬሳ የማይገባው፣
ቀጭን፣ አፉን በጆንያ የወተፉበት፤
ከበርሜሉ እንፋሎት በቱቦ ይገባል፣
የኦክ ጣውላው ውስጡ ተጋድሞ ያልበዋል።
ለአውራ ጣት ውፍረት አንድ ሰዓት ይበቃል፤
ቢያንስ ይሰነጠቃል፣ ቢበዛ ይላሽቃል።
ሽታው እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ ይሰብራል፤
ብረት ነክቶ የራሰ ጣቴ ይጠቁራል።

«ዛፍ በለጋነቱ እንጂ ደርቆ አይታረቅም»
ይል ነበር አጎቴ፤ እኔም አልተጠራጠርኩም።
«ታዲያ ቅርጹን ለምን ከሳንቃ አንቆርጥም?»
ብዬ ስጠይቀው ታሊስ ሳቀብኝ፦
«መጋዝ የቀደደው ጅማቱ ተበጥሷል፤
ማዕበል ሲመታው በዚያው ይከፈላል።
እንፋሎት ያጎበጠው ጅማቱ ሙሉ ነው፤
ከጫፍ እስከ ጫፉ አንድ ላይ የሚይዘው።»
ያኔ የኢማንትስ ሞረድ ቀጥ አለ፤
ጆሮው ብቻ ዞሮ፣ መልሶ ቀጠለ።

ሌላውን ጫፍ ይይዝ የነበረው ዚግማርስ
በጥቅምት ስዊድን ሄደ። ሰው ጠፋ።
ሰዓቱ ግን ደረሰ፤
ጆንያው ተመዘዘ፣ ጉም ቤቱን ወረሰ።
ጓንት ያጠለቁ አራት እጆች ገቡ፤
የሚፋጅ ጣውላ ይዘው ወደ ቅርጹ ቀረቡ።
አርባ ቁጥር ብቻ፣ ከዚያ ይገተራል፤
አንዱ ጫፍ ከቀደመ መሀሉ ይሰበራል።
«ንገረው» የሚሉበት ጊዜ የት ተገኝቶ!
ኢማንትስ ቆጠረ፣ ጉሮሮው ተከፍቶ።
«አንድ!» «ሁለት!» አለ ታሊስ፣ ሌላውን ጫፍ ይዞ፤
«ሦስት!» «አራት!» «አምስት!»፤ ኦኩ ጎበጠ ታዝዞ።
ሽብልቅ መታሁ እኔ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት፤
ሲጥ ሲል ልቤ ቆመ፤ አልነበረም ስብራት።
ሠላሳ ስምንት ላይ ቆጠራው ተገታ፤
ካገጫቸው ጠብ ይላል የላብ ጠብታ።

«ታረቀ!» አልኩ ሳላውቀው፣ ባገሬ ቋንቋ።
«ምን ማለት ነው?» አሉኝ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ።
ለእንጨትም ለሰውም ቃሉ አንድ ነው ለእኛ፤
የእንጨቱን ነገርኳቸው፣
የሰውን ዋጥኩት።

በማግስቱ ሽብልቁን ነቅዬ ሳላላው
ሁለት ጣት ወደ ድሮው ተመለሰ ጣውላው።
ይህንንም ያውቃሉ፤ አስበልጠው አጉብጠዋል፤
እንጨት ቀጥ ብሎ የኖረበትን ያስታውሳል።

ምሳ ላይ እንደ ልማድ ጀርባ ለጀርባ ሆነው፣
«ንገረው» አለ ኢማንትስ፣ ዳቦውን እየቆረሰው፣
«ሠላሳ አንድ ጎድን ቀርቷል፤ ነገም እሳት ይነድ።»
አፌን ልከፍት ስል፣ ከበስተጀርባዬ
«ሰምቻለሁ» አለ ታሊስ።