ዋኘው

ዋኘው ብሎ ስሜን ያወጣው አባቴ፣
አንገረብ ሞልቶ ነው፣ ስትወልደኝ እናቴ።
ማዶ ቆሞ ሰማ፤ ዘሎ ውሃ ገባ፤
ከአራስ ጎጆ ደጃፍ፣ ሆዱ እየባባ፣
የድንጋዩን ክበብ ሳያልፍ፣ ሳይነካኝ፣
ልብሱ እየነጠበ “ዋኘው” ሲል ጠራኝ።

እኔ ግን ዋኝቼ አላውቅም።

አሽቀሎን ላይ ሆንኩኝ የሌሊት ዘበኛ፤
ባሕር ሲጣራ ያድራል፣ እኔም ሳልተኛ።
ይገባል በቱቦ፣ ጨዉን ጥሎ ሊወጣ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ ሻይ ሆኖ ሊጠጣ፤
የሕፃን ገላ አጥቦ፣ የሙት ገላም አጥቦ፣
ካሮት ማሳ መሀል ቀስ ብሎ ተንጠባጥቦ።

ይታይሽ ኩባያ ሞልታ ዝም ትላለች፤
በሱዳን መንገድ ላይ ጨርቅ መጥጣ ነበረች።
አንድ ቀን ግን፣
“ይህን ሁሉ ባሕር ጠጥተን ጨረስነው?” ብላ ጠየቀችኝ።
“አይጎድልም” አልኳት።
እርግጠኛ አይደለሁም።
ጣፋጩን ለእኛ፣ ጨዉን መልሰን ለእሱ፤
ቅር ይለው እንደሆን ማንም አልጠየቀው።

ትናንት ጡረታ ወጣሁ፤ ቁልፉን አስረክቤ፣
ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ወደ ውሃው ቀርቤ፣
እስከ ጉልበት ገባሁ።
አሸዋው ከተረከዜ ሥር ሾልኮ ሄደ፣
መሬት የእኔ ብቻ እንዳልሆነች ሊያስረዳ የወደደ።
ማዕበሉ ደግሞ ደረቴን ሲገፋኝ፣
ስሜ ይሁን ትእዛዝ፣ እንጃ፣ “ዋኘው” አለኝ።

ሲነጋ ቤት ገባሁ። ይታይሽ ሻይ ቀዳች።
ከንፈሬ ላይ ጨው ነበር፤
ስኳሩን ተውኩት።