ትንፋሽ

አዘዞ፣ ጋራዡ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር፣
ሦስት ክረምት ከሦስት በጋ ቧንቧ ሲቆርጥ፣ ሲያሳጥር፣
ባይነሳኝ ክንፍ ሠራ፤
አጥንቷ የአልጋ ብረት፣ ቆዳዋ የድንኳን ሸራ፣
ሞተሯ፣ ማራኪ ላይ ዶሮ ካደረባት
ካንዲት አሮጌ ቮልስ በዱቤ ያወጣት።
ሰፈርተኛው ሲያልፍ፣ በቀዳዳ አጮልቆ፣
«አንተን አይንሳን» ይላል፣ ሳቁን ጉሮሮው ላይ አንቆ።

እኔ ቁልፍ አቀባይ፤ አሥራ ሦስት ቁጥሩን፣ አሥራ ሰባቱን፣
እጁ ሳይዘረጋ የማውቅ ፍላጎቱን።
ሥራ ሲቀዘቅዝ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይነግረኛል፦
«መኪና ብትቆም ወርደህ ትገፋለህ፤
ይቺ ብትቆምብህ ምኑን ትረግጣለህ?
ሞተር አይታመንም፣ ይደመጣል እንጂ።
ዝም ካለች ደግሞ ወደ ኋላ አትዙር፤
‹ሜዳዬ ቅርብ ነው› ብሎ የዞረ ነው የሚቀበር።
አፍንጫዋን ድፋ፤ ፊት ለፊትህ ያለው፣
ማሳም ይሁን ጭቃ፣ ማረፊያህ እሱ ነው።»

የዋዜማው ምሽት ሳልባትዮውን ሞልቶ ሄደ።
ክዳኑ ላይ ካለች፣ የመርፌ ዓይን ከምታህል ቀዳዳ፣
ቤንዚኑ ጠብ... ጠብ... እያለ ሸራው ላይ ወረደ።
ያን ሰሞን ቤንዚን ማለት ወረፋ ነው፣ ሌሊት ማደር፣
በሃይላንድ ተሰፍሮ በጨለማ መቸርቸር።
አንጀቴ አልቻለም። ሚኒባስ ሲያፈስ እንደማደርገው፣
ከልብስ ሳሙና ቆርሼ፣
በምራቄ አላቁጬ፣ ባውራ ጣቴ ደፈንኳት።
ጠብታዋ ቆመች፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ፣ ረሳኋት።

ታኅሣሥ። ማለዳ። ደንቢያ ላይ ጉም የለም።
የጎንደር አየር ስስ ነው፣ ክንፍ ቶሎ አይሸከምም፤
ጤፍ የታጨደበት ሜዳ ላይ ሮጠች፣ ሮጠች፣
ገለባው ከኋላዋ ተነሣ፣
ባይነሳኝም ተነሣ!
እኔ ቆጠርኩ።
አንድ ደቂቃ፤ መገጭን ተሻገረ።
ሁለት፤ ልጆች ጮሁ፣ ውሻ ወደ ሰማይ ጮኸ።
ሦስት። አራት።
ሞተሯ ሳለች፤
ውሃ እንደከለከሏት ደግማ ሳለች፣
ዝም አለች።

ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ሸራ ሲያፏጭ ብቻ።
«አትዙር» አልኩ በልቤ፤ «አትዙር፣ የኔ ጌታ!»
አልዞረም። አፍንጫዋን ደፋ፤
እሸት ሽምብራ ውስጥ ገብታ አንድ ክንፏ ጠፋ።
ባለማሳው አዛናው እየሮጠ «ሽምብራዬን!» አለ፤
ቀጥሎ «ሰው ነው እንዴ?» ጋቢውን ቀዶ ጭኑን ጠቀለለ።

ሆስፒታል፤ በአሸዋ ከረጢት እግሩ ተሰቅሎ፣
«ግንቡን አየሁት» አለኝ፣ «የክብሪት ቀፎ አክሎ።»
ጠያቂ ሁሉ ምክንያት ይዞ ይመጣል፤
«ዓይን ነው» ይላል አንዱ፣ ሌላው «ድሮስ ቮልስ!» ይላል።
እሱ ግን ሌት ተቀን፦ «ካንዴላውን አይተሃል?
ካርቡራቶሩ ቆሽሿል? ቤንዚኑ ውሃ ነበረው ይሆን?»
እንጃ እላለሁ። ብርቱካን እልጥለታለሁ።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ
አየር ሲያጥረኝ ነው የገባኝ፦
አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድም።
ሳልባትዮው አልተነፈሰም።
እኔም፣ ሁለት ወር ተኩል፣
አልተነፈስኩም።

በመጋቢት መጣ፣ ክራንች ተደግፎ።
ከስብርባሪው መሃል ክዳኑን ፈለገ፤
አገላበጠ፣ አሸተተ። ሳሙናው ደርቋል፤
የአውራ ጣቴ አሻራ እንደ ማኅተም ታትሟል።
አልተቆጣም። ሚስማር ሰጠኝ። ፈለፈልኩ።
ብርሃን ማዶ ሲታይ፣ ክዳኑን ወደ አፌ አስጠግቶ
«በል ተንፍስ» አለኝ።
የቱን ማለቱ እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤
ሁለቱንም አደረግሁ።