ሠላሳ አንደኛው ሞት

ዐሥራ አንድ ዓመት ጠበቅሁ፣ ዛሬ ነገ ሲሉኝ፣
"ዘንድሮስ አይቀርም" ብለው ሲያባብሉኝ።
ሦስተኛው ሲወጣ ጢሜ ነበር ጥቁር፤
ሊቡሼ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ስትቆጥር
የጠላትን ሬሳ፦
"አንድ፣ ሁለት፣ ዐሥር!"

"ወገቤን አሞኛል" ብዬ ለአለቃዬ፣
ሦስት ቀን ወሰድኩኝ ከትራም ሥራዬ።
ውሸትም አይደለም፣ ወገቤስ ያመኛል፤
ሐኪም ግን ዐሥር ሰዓት ሶፋ መች አዞኛል?

ሱቁ ሳይከፈት ደረስኩ። ከፊቴ አንድ ጎረምሳ፣
ከኋላዬ ሌላ፣ የጆሮ ጉትቻ ያለው።
ሻጩ ዲስኩን ሲጠቀልል ቀና ብሎ አየኝ፦
"ለልጅህ ነው?"
"አዎ" አልኩት።

ማታ፣ ኦስትራቫ ላይ በረዶ ሲጋገር፣
እናቷ ሆስፒታል ተረኛ ልታድር፣
እኔና ሊቡሼ አንድ ብርድ ልብስ ሥር፣
ዲስኩም እንደ ድመት ውስጡ ሲያንጎራጉር፣
የትናንት ድንች ጥብስ በሣህን ቀዝቅዞ፣
"ጥቁር ደወል አራት" ወጣ ጭጋግ ይዞ።

ደወሉ ተሰማ።
ያው ድምፅ። ያው፣ ትንሽ የተሰነጠቀው።
"አባ፣ እያለቀስክ ነው?"
"ድንቹ ነው" አልኳት፣ "አነቀኝ።"

ግን ምን አደረጓት ያቺን ቁልፍ፣ የታችኛዋን?
አውራ ጣቴ ተኝቶም የሚያውቃትን፣
ጎራዴ ሲመጣ
መሬት ለመሬት ተንከባልዬ የማመልጥባትን?
መዝለያ አደረጓት!
ጎራዴው ሲሰነዘር እኔ ሽቅብ እዘላለሁ፣
እንደ ሠርግ ጨፋሪ፤
ስወርድ ስለቱ ላይ ነው፣ ልክ እንደታዘዘ ሥጋ።

የጨው ንጉሥ ይስቃል። ምላሱ ነጭ ነው።
አንድ ሞት። ሦስት ሞት። ዘጠኝ።
"አባ፣ አሁን ክቧ ናት። ክቧን ተጫን።"
"ዐውቃለሁ!"
ማወቁንስ ዐውቃለሁ፤ ጣት ግን ጆሮ የለው፣
ሃያ ዓመት የኖረበትን በምን ላስረሳው?
በአራት ቁጥር ትራም ድንገት ሰው ሲሻገር፣
እግሬ ነው ፍሬኑን የሚይዝ፣ እኔ ሳልናገር።
እነሱን አምኜ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት፣
እጄንና እግሬን።

ሃያ ስድስተኛው ላይ ጆይስቲኩን ሰጠኋት።
ጥፍሯን በጥርሷ የከረከመች ልጅ፣
ከስለቱ ሥር እንደ ውሃ ፈሰሰች፤
ጢስ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ዐይኗ እንኳ አልረገበ።
ንጉሡ ተንበረከከ፣ አንድ ምት ቀረው፣
አንድ።
ቆመች።
ዝም ብላ ቆማ ተመታች፣ ወደቀች።
"አዳለጠኝ" አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ።
ምን አዳለጣት? ሜዳው ጨው ነው።

አራት ጊዜ ደግሞ ሞትኩ፤
ውሃ ልጠጣ ወደ ኩሽና ሄድኩ።
ስመለስ ስልኳን ታነባለች፣
በጣም ታነባለች፣
ማንም ሰው ስልክ እንደዚያ አያነብም።

እናም ንጉሡ ጎራዴውን ሲያነሣ ቆየ፣
አንዲት ትንፋሽ ያህል፣
እንደ ሽማግሌ፣ ቀበቶውን እንደሚፈልግ።
እኔም ዘለልኩ፣ ተሳሳትኩ፣ አልሞትኩም፤
ደግሜ ተሳሳትኩ፣ አሁንም አልሞትኩም፤
ከዚያ ክቧን አገኘኋት።
ንጉሡ ፈረሰ፤ ጨው በጨው ሆነ።

ጮኽኩ! ሶፋው ላይ ወጣሁ፣ ወገቤን ረስቼ፤
ወይዘሮ ቫቭርዲኖቫ ግድግዳውን ደበደቡ፤
ሊቡሼ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፦
"ሠላሳ አንድ! አባ፣ በሠላሳ አንደኛው!"
አሁንም ሬሳ ትቆጥራለች።

እሷ ስትተኛ ቅንብሩን ከፈትኩ።
"ቀላል" ይላል።
ጣቴ እዚያው ላይ ቆየ፣ ብዙ።
አልነካሁትም፤
ነገ ስትከፍተው እንዳወቅሁ እንዳታውቅ።

ሐሙስ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።
ድልድዩ ጋ፣ በረዶው ገና ሳይረገጥ፣
የትራሜን ደወል ሁለቴ ደወልኩ፤
ሐዲዱ ላይ ማንም አልነበረም።