ሦስት መቶ ግራም

በሠላሳ ብር ገዛኋት፣ ከሦስት ጎረምሶች እጅ፤
ድንጋይ ሰብስበው ነበር ቀድመው፣ ከመጋዘኑ ደጅ።
ከሽንዲ በቆሎ ጭኖ በመጣ አይሱዙ ላይ፣
በሸራው እጥፋት ተወትፋ፣ ለማንም ሳትታይ፣
ቡሬ ገባች። «ሟርት ናት፤ ግደላት፣ ጋሼ ይስማው!»
በካፖርቴ ጠቀለልኳት፤ ልቧን ነው የምሰማው።

አትጠገብ በሩን ገርበብ አርጋ፣ ብርድ ልብሴን አቀበለችኝ፤
«አይጥና ጉጉት ያስማማህ ቀን፣ ትጠራኛለህ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ሌሊት፦
በጀርባዋ ወድቃ ምንቃሯን አንቋቋች፣
ጥፍሯን ዘረጋች፣ ስምንት ጥቃቅን ማጭድ።
እጄን በጆንያ ጠቀለልኩ፤
ጆንያውን አልፋ ደሜን አገኘች፣
ሥጋውን ትታ።

ሁለተኛው ሌሊት አልበላችም። ሦስተኛውም።
ከሥጋ ቤት የለመንኩት ጉበት በሳህኑ ጠቆረ።

ከዚያ ገባኝ፤ ዐይን ነው የጠላችው።
ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ፣ ጀርባዬን አዙሬላት፣
እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ፣ ጉበቱን ይዤላት፣
የሌለሁ መስዬላት።
እግሬ ደነዘዘ። ስምንት ሰዓት አለፈ።
ነፋስ ቢጤ አውራ ጣቴን ዳሰሰ፤
ጉበቱ የለም። ጣቴ ግን ተረፈ።

ጠዋት ጠዋት ወደ ዋሴ ሱቅ፣ በርበሬ ወደሚመዘንበት፣
በአሮጌ ካልሲ ከትቼ፣ ጭንቅላቷ ብቻ የሚታይበት።
ዋሴ ያማትባል፣ ያስነጥሳል፣ ቁጥሩን ያነብልኛል።
ከጠገበች አታውቀኝም፤ ከከሳች ትሞትብኛለች፤
በሁለቱ መሀል፣ ሦስት መቶ ግራም ላይ፣ ትወደኛለች።

ጆንያ በምሰፋበት ሲባጎ እግሯን አሰርኩ፤
ፉጨቴን፣ አንዱን አጭር አንዱን ረዥም፣ ከጉበቱ ጋር አስተሳሰርኩ።
መጀመሪያ የአንድ ኩንታል ስፋት ዘለለች፤
ሲውል ሲያድር ከክምሩ ጫፍ እስከ በሩ በረረች።
ስትበር ድምፅ የላትም። ከአምፖሉ ሥር ጥላዋ ይቀድማታል።
ፊቷ ሰፌድ ነው፤ ሌሊቱን ታበጥራለች፣
ገለባውን ድምፅ አራግፋ፣ የአይጧን ኮቴ ታስቀራለች።

እኔ፣ በር በእርግጫ የምከፍተው ሰውዬ፣
ሳል ሲመጣብኝ በጋቢዬ አፍነው ጀመር።
«ይስማው ምን ነካው?» ይላሉ ሾፌሮቹ፣
«እንደ ሙሽራ ነው እኮ የሚናገር።»

መሪጌታ ልሳነወርቅ የበቆሎ ዋጋ ሊጠይቁ መጥተው፣
ከማገሩ ላይ ሲያዩዋት፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከደጅ ቀሩ።
«ስሟን ማን አልካት?»
«ጉጉት ናት፣ የኔታ። ሌላ ስም ምን ያደርግላታል?»
ዝም አሉ። ቃሉን በአፋቸው አገላበጡት፣ እንደ ትኩስ ድንች።
«እንግዲህ» አሉ፣ «ማን ማንን እንዳሰረ እንጃ።
ጉጉት ያለበት ሰው እንቅልፍ የለውም።»
ዋጋውን ሳይጠይቁ ሄዱ።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት ሲባጎውን ፈታሁ።
ቢላዋ አጠገቤ አልነበረም፤ ቋጠሮውን በጥርሴ አላላሁ።
ወጣች፣ ከቆርቆሮው ሥር ወዳለው ጨለማ።
አፏጨሁ፣ አጭር፣ ረዥም። ማንም አልሰማ።
በጣሪያው ሽንቁር ጨረቃ ይገባል፤
ጨረቃ በገባበት ጉጉት ይወጣል።

አምፖሉን አጠፋሁ። ክንዴን ዘረጋሁ።
ዘጠኝ ሰዓት። ዐሥር።
የሩቅ ውሻ። ወደ ነቀምት የሚያቃስት መኪና።
ክንዴ የኔ መሆኑ ቀረ፤ እንደ ማገር ሆነ፣ እንደ ሰው የተወው እንጨት።
ሁለተኛ አላፏጨሁም። ምን ብዬ?

ከዚያ፣ ኮቴ ሳይሰማ፣
ሦስት መቶ ግራም ጨለማ።

ዋሴ ሚዛኑን አየ። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ።
ሃያ አንድ ግራም ጨምራለች።
«ማታ ምን አበላሃት?» አለኝ።
ጭብጤን ፈታሁለት፤
ጉበቱ እንዳለ ደርቋል።