ደባል

ሻርጃ ነው፤ ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ፤
ሐምሌ መስታወቱን አልቦት ሲታይ፤
ከሥሬ ባልዲ አለች፣ ኤሲው ጠብ ባለ ቁጥር
የምትቀበል፤ ከላይዋ እኔ፣ ቁጥር ስቆጥር።

የምሠራው ፕሮግራም ለእንጨት መርከብ ነው፤
ሩዙን ከኋላ፣ ጎማውን ከፊት ብንጭነው
ቀጥ ብላ ቦሳሶ ትገባ እንደሆን የሚለየው።
መስኮቱን ሣልኩ፣ ቁልፎቹን ደረደርኩ፤
ቀለሙን ሦስቴ አጥቤ ቀየርኩ፤
ሒሳቡ ደፍ ላይ ስደርስ ግን ጫማዬን አወለቅኩ።
ማትሪክስ መገልበጥ በአንድ ክረምት አይለመድም፤
የማላውቃቸው ሰዎች ሠላሳ ዓመት ሄደውበታል፣
ከዜሮ ጉድጓድ እየራቁ፣ በዳበሳ፣ በዝግታ፤
እኔ ማን ነኝና አዲስ መንገድ ልቅደድ በማታ?

እንዳለ አስገባሁት። ቤተ መጻሕፍት ይሉታል፤
መደርደሪያ የለው፣ ዝም በሉ ባይ የለው።
እኔ ደባል አልኩት። ደባልነትን አውቀዋለሁ፤
አል ናባ ሰፈር፣ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል እኖራለሁ።
የማን ፎጣ ከየትኛው ምስማር፣
ዓርብ ጠዋት ሻወሩ ከማን እንደሚጀምር፣
ማንም ያልጻፈው ሕግ አለ፦ የዘረጋ ያጥፍ።

መጀመሪያ በሩ ጠበበው፤
እሱ ስድሳ አራት ቢት፣ የኔ ጎጆ ሠላሳ ሁለት ነው።
ቤቴን አፍርሼ በቁመቱ ልክ ሠራሁለት።
ገባ። ገብቶም «ፋይሉ አልተገኘም»፣ አጠገቡ አስቀምጬለት!
ቀጥሎ፣ እሱ የዘረጋውን ማኅደረ ትውስታ እኔ ላጥፍለት ብዬ
ፕሮግራሙ ተደረመሰ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ በላዬ።
የዘረጋ ያጥፍ! ከቤት የማውቀውን ቢሮ ረስቼ።

ተስማማን በመጨረሻ። ላፕቶፑን ይዤ ወሽመጡ ዳር ወረድኩ።
ናኾዳ ጁሰብ ሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑን አየ፤
ሩዝ፣ ጎማ፣ ሁለት አሮጌ ፒክአፕ፣
«ደህና ናት» የሚል አረንጓዴ ምልክት።
ቁጥሩን አላነበበም። መዳፉን ዘረጋ፣
ወደ ግራ አጋደለው። «ይቺ ትተኛለች፣ ልጄ፤ ሳይነጋ።»
እዚያው ወሽመጡ ዳር ወሽመጤ ተቆረጠ።

ሦስት ሌሊት ደባሌን ከሰስኩት፤
ዋሽተሃል አልኩት፣ ሰደብኩት፣
በትንንሽ ሰንጠረዥ፣ ሁለት በሁለት፣ ፈተንኩት፤
ሁሉንም አለፈ። (ሰንጠረዦቼ
ከየትም ቢነበቡ ያው ነበሩ፤ ያኔ አላየሁም።)

በአራተኛው ቀን ሙንዚር የጉምሩክ ቅጽ ሊሞላ መጣ፤
ከግራ ጀምሬ ሳመላክተው ሳቁ አፍኖት ወጣ፦
«ከቀኝ ነው እኮ!»
ከቀኝ ነው እኮ።
እኔ ከግራ አነባለሁ፣ ሙንዚር ከቀኝ፤
እሱስ? ማን ጠየቀው? ማን ነገረኝ?
እሱ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው፤
ረድፍ ብዬ የሰጠሁትን ዓምድ ብሎ ተቀበለው።
አልዋሸኝም። ሰንጠረዤ በጎኑ ተኝቶ ነው የገባለት፤
አቃንቼ ላቀብለው ብዬ አንድ መስመር ጻፍኩለት።
አንድ መስመር! ስንት እንቅልፍ ዋጋዋ።

ማክሰኞ ጁሰብ ጫነ። ወደ ስክሪኑ ዞር ብሎም አላየ፤
መዳፉን ዘረጋ፣ ቀጥ አለች። የኔም ቁጥር ከእጁ አልተለየ።
«ተማረልሽ» አለኝ።

አሁን የቀረችኝ «ስለ ፕሮግራሙ» የምትል ትንሽ መስኮት ናት።
ፈቃዱ ያዛል፦ የጻፉት ሰዎች ስም ይግባባት።
እተይባለሁ፤ አሥራ ሰባት ስም፣ አንዱን እንኳ የማላውቀው፤
አንደኛው ጎን፣ በቅንፍ፣ የሞተበት ዓመት አለ።
የኛ ክፍል ውል ላይ ያለው የዘቢደር ስም ብቻ ነው፤
እኛ ሦስታችን ወረቀት ላይ የለንም፤
በር ሲንኳኳ ድምፃችንን እንቀንሳለን።

ፊደሉ አነሰብኝ። በአንድ ቁጥር አሳደግኩት።